«ፑት አፕ ዊዝ» እና የእኛ «እችለዋለሁ»

(አንዲት የሕክምና አስተርጓሚ አባላችን በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ካደረገችው ንግግር)

 

ዛሬ ስለ ጤና እንድናገር ነበር የተመደብኩት። ይዤላችሁ የመጣሁት ግን አንዲት የእንግሊዝኛ አባባል ነው። ሰብሳቢያችን ርዕሱን ስነግራት «ይሄ የቅዳሜው ክፍል ትምህርት አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ልክ ናት፣ ነው። የጤናም ነገር ነው፤ ትንሽ ታገሱኝና እዚያው እንደርሳለን። ይኸው «ታገሱኝ» አልኳችሁ፤ ሳላውቀው ርዕሱ ውስጥ ገባሁ።

በቅዳሜው ክፍል እንደ «ፑት» ያማረረን ቃል የለም። መጀመሪያ «ማስቀመጥ» ነው ተብለን ተማርን፤ ቀላል ነው አልን። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቃል ከኋላው ትለጠፍበትና ሌላ ነገር ይሆናል። «ፑት ኦን» ልብስ መልበስ ነው። «ፑት ኦፍ» ቀጠሮን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ፣ «ፑት አውት» እሳት ማጥፋት፣ «ፑት አፕ» መጋረጃ መስቀል ወይም ድንኳን መትከል። «ፑት ዳውን» ደግሞ ዕቃ መሬት ማስቀመጥም፣ ሰውን ማዋረድም፣ የማይድን ውሻን በመርፌ እንዲያርፍ ማድረግም ይሆናል። ልጅ ትጠብቅ የነበረች እህታችን፣ አሠሪዋ ስለ ውሻቸው ይህንን እያለች ስታለቅስባት «ወለል ላይ ቢያስቀምጡት ምን ያስለቅሳል?» ብላ ግራ እንደገባት ያጫወተችንን የምትረሱት አይመስለኝም።

እንግሊዝኛን ከመርገማችን በፊት ግን የራሳችንንም እንይ። አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «አለ» ማለት «ተናገረ» ነው ተብሎ ይነገረዋል። ከዚያ «ቁጭ አለ»፣ «ብድግ አለ»፣ «ዝም አለ» ሲባል ይሰማል። ምስኪን! ዝም ያለ ሰው እንዴት ብሎ «አለ»? እኛ ግን ለይተን አንሰማውም፤ ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ነው የምንሰማው። «ፑት አፕ ዊዝ»ንም እንደዚያ በአንድ ትንፋሽ መስማት ነው። «አስቀመጠ፣ ላይ፣ ጋር» ብሎ የሚደምር ሰው የትም አይደርስም።

ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ ደስ የማይልን ነገር ወይም ሰው፣ ሳይወዱት፣ እንዲቀር ሳያደርጉ አብረውት መኖር። የሚጮህ ጎረቤት፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ክፉ አለቃ፣ ወገብን የሚቆርጥ ሕመም፣ እነዚህ ሁሉ «ፑት አፕ ዊዝ» ይደረጋሉ። ደስ የሚል ነገር በዚህ ቃል አይነገርም። «ከልጄ ጋር በፍቅር እኖራለሁ» ለማለት ብትጠቀሙበት ልጅቷ ትቀየማችኋለች።

ሦስቱ ቃላት አይለያዩም። የምንሸከመው ነገር ወይም ሰው የሚመጣው ከ«ዊዝ» በኋላ ነው። «ዊዝ» ቀርታ ሰውየው መሐል ከገባ ትርጉሙ ተገለበጠ ማለት ነው። «ፑት ሚ አፕ» ማለት አሳደረኝ፣ ቤቱ ተቀበለኝ ማለት ነው። እኔ ወደዚህ አገር ስመጣ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ቤት ነበር ያረፍኩት። ስወጣ «ስላሳደራችሁኝ አመሰግናለሁ» ልበል ብዬ ሌሊቱን ሳጠና አደርኩና በማግስቱ በር ላይ ቆሜ «ታንክ ዩ ፎር ፑቲንግ አፕ ዊዝ ሚ» አልኳቸው። «ስለቻላችሁኝ አመሰግናለሁ» ማለቴ ነው። የቤቱ እመቤት ዓይኗ እስኪያነባ ሳቀችና አቀፈችኝ። በኋላ እንደተረዳሁት ጨዋ ሰዎች ይህንኑ ይላሉ፤ የእኛ «አስቸገርኳችሁ» ነው። በስህተት ትክክል ሆንኩ።

አንዲት ነገር ደግሞ ከሰዋስው በላይ ስለሆነች እንድትጽፏት እለምናለሁ። «ፑት» ለዛሬም ለትናንትም መልኳ አይቀየርም። «ሺ ፑትስ አፕ ዊዝ ኢት» ሲባል ያቺ «ስ» ድምፅ ዛሬም እየሆነ ነው ትላለች፤ «ሺ ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ከሆነ ያለፈ ነገር ነው። ስለ ራሳችን «አይ ፑት አፕ ዊዝ ኢት» ስንል ግን የሚለይ ነገር የለም። ጠበቃ ወይም ፖሊስ ወይም የመሥሪያ ቤት የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ፊት ቀርባችሁ ዛሬ ጠዋትም የደረሰባችሁን ነገር እየተናገራችሁ፣ ሰሚው ያለቀ ታሪክ አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። ስለዚህ «ስቲል» ጨምሩበት፤ «አይ ስቲል ፑት አፕ ዊዝ ኢት»። ወይም ረዘም አድርጋችሁ «አይ ሃቭ ቢን ፑቲንግ አፕ ዊዝ ኢት ፎር ቱ ይርስ» በሉ፤ ሁለት ዓመት ሆነው፣ አሁንም አላቆመም ማለት ነው።

እኔ ይህንን አባባል የተማርኩት በክፍል ውስጥ አይደለም። አስተርጓሚ ከመሆኔ በፊት ስድስት ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል አጽድቻለሁ። በቀን 14 ክፍል ነበር የሚደርሰን። አንድ ሰኞ ስንገባ ዝርዝሩ ላይ 18 ሆኖ ጠበቀን። ማንም ያነጋገረን የለም፤ ወረቀቱ ብቻ ተቀየረ። አብራኝ የምትሠራ ጃማይካዊት ወረቀቱን አየችና «አይ አም ኖት ፑቲንግ አፕ ዊዝ ዚስ» አለች። እኔ የማውቃት «ፑት አፕ» መጋረጃ የምትሰቀልባትን ነው። የወደቀ መጋረጃ አለ መሰለኝና «አምጪው፣ እኔ እሰቅለዋለሁ» አልኳት።

የገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለችና አስረዳችኝ። ሲገባኝ «እኔም አልችልም» ልል ብዬ «ሚ ቱ፣ አይ ካንት» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «ካንት አይደለም፣ ዎንት ነው» አለችኝ። «አልችልም ካልሽ የምትችል ሌላ ሴት ይፈልጋሉ።»

ከዚያ በኋላ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፣ የአስተርጓሚነት ፈተናም ተፈትኛለሁ፤ የዚያችን ሴት ያህል ያስተማረኝ ግን የለም። ስድስት ሆነን ወደ ሥራ አስኪያጁ ወረድን። ተናጋሪዋ እሷ ነበረች፤ እኛ ከኋላ ቆመን ነበር፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔ የቆምኩት በሩ አጠገብ ነው። ቁጥሩ ወደ 15 ተመለሰ። 14 አልሆነም።

አሁን ወደ አማርኛችን ልመልሳችሁ። «ቻለ» የሚለውን ቃል አስቡት። «መኪና መንዳት ትችላለች» ስንል ሙያ ነው፣ ጉልበት ነው። «ስንቱን ቻለችው!» ስንል ግን መከራ መሸከም ነው። «ራሷን ቻለች» ስንል ደግሞ የማንንም እጅ የማታይ ሆነች ማለት ነው፤ ይህ ማኅበር ሲቋቋም የተነሣንለት ቃል ይኸው ነው። አንድ ግሥ ሦስቱንም ተሸክሟል። በቋንቋችን የሚያምር ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ሥራ መቻልና መከራ መቻል በአንድ ቃል መጠራታቸው የእናቶቻችንን ኑሮ ያውቃል። ግን ዋጋ አለው። መሸከም የበቃት ሴት «አልቻልኩም» ትላለች። «አልቻልኩም» ደግሞ ሰነፍኩ፣ ተሸነፍኩ፣ አቃተኝ ማለትም ነው። ሸክሙ ከበዳት ወይስ እሷ ደከመች? ቃሉ አይለይም። ሰሚውም አይለይም። እንግሊዝኛው ሁለቱን ለየብቻ አስቀምጧቸዋል። «ካን» ጉልበት ነው፣ «ፑት አፕ ዊዝ» መሸከም ነው። አንዲት ሴት ሁሉን ማድረግ የምትችል ሆና፣ ያንን አንድ ነገር ግን አልሸከምም ልትል ትችላለች።

ጤናው የሚገባው እዚህ ጋ ነው። የምነግራችሁን ታሪክ ባለቤቷን አስፈቅጄ፣ የሚለያትን ሁሉ ትቼ ነው የማወራው። ዓመታት አልፈዋል። ስድሳ ዓመት የሆናቸው እናት ሆዳቸውን ከጎድን አጥንታቸው በታች እየወጋቸው ሐኪም ዘንድ ቀረቡ፤ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ «ሃው አር ዩ ማኔጂንግ ዘ ፔይን?» አለ። «ሕመሙን እንዴት እያደረጉት ነው?» አልኳቸው። እኚህ እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና «እግዚአብሔር ይመስገን፤ እችለዋለሁ ልጄ» አሉ። እኔም «ታንክ ጎድ፣ አይ ካን ማኔጅ ኢት» ብዬ መለስኩ።

አስተርጓሚ የተባለውን ነው የሚናገረው። አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ የበሽተኛውን ቃል በበሽተኛው አንደበት «እኔ» እያለ ያስተላልፋል። በሙያዬ ሕግ ብትመረምሩኝ ያጠፋሁት ነገር አይገኝም፤ አንድም ቃል አልጎደለም። ሐኪሙ ደግሞ የሰማው «ደህና ነኝ፣ ይዤዋለሁ» የሚል ነው። ከ0 እስከ 10 ስንት ይሰጡታል ተብለው ሲጠየቁ «አምስት ይበቃዋል» አሉ፤ ለበሽታም ይሉኝታ አለን። የሕመም ማስታገሻ ታዘዘላቸውና ወደ ቤታቸው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሌሊት በአምቡላንስ ተመለሱ። የሐሞት ጠጠር ነበር፤ የሐሞት ከረጢታቸው ተቆጥቶ፣ ትኩሳት ይዟቸው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፣ ተረፉ። ልጃቸውን ሳነጋግራት ያን ጊዜ አምስት ወር ሙሉ ሌሊት ሌሊት ቁጭ ብለው ያድሩ እንደነበር ነገረችኝ። አምስት ወር! እኔና ሐኪሙ ፊት «እችለዋለሁ» ማለታቸው ያ ነበር።

የሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተማርኩት ቃል ያኔ አፌ ላይ አልመጣም። «አይ ሃቭ ቢን ፑቲንግ አፕ ዊዝ ኢት» ብል ኖሮ ማንኛውም ሐኪም ቀጥሎ የሚጠይቀው «ከመቼ ጀምሮ?» ነው። ቃሉ ራሱ ጥያቄ ይጠራል። «አይ ካን ማኔጅ ኢት» ግን በር ይዘጋል።

ዛሬ «እችለዋለሁ» ሲባል ስሰማ አልተረጉመውም። እጄን አንሥቼ «አስተርጓሚዋ ማብራሪያ ትጠይቃለች» እላለሁ፤ ሙያው ይህንን ይፈቅዳል። ከዚያ «እማማ፣ ቀልሎልዎት ነው ወይስ ታግሰውት?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ማንም እንደዚያ ለይቶ ጠይቋቸው አያውቅማ።

ስለዚህ አባባል ካነበብኩት ሁሉ የወደድኩትን ልንገራችሁ። በድሮው እንግሊዝኛ «ፑት አፕ» ሰይፍን ወደ ሰገባው መመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመውን የንጉሥ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ያላችሁ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ቁጥር 11ን ግለጡ፤ ጌታ ጴጥሮስን ሰይፉን እንዲመልስ ባዘዘበት ቃል ላይ ታገኙታላችሁ። ስድብን ሰምቶ ሰይፍ ሳይመዝ ያለፈ ሰውም ስድቡን «ፑት አፕ» አደረገ ይባል ነበር፤ «ዊዝ» ቆይታ ነው የተጨመረችው። ይህንን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሰይፉ ነው። ሰይፉን የመለሰ ሰው ሰይፍ አለው። ሰገባው ባዶ አይደለም። መታገሥ ምርጫው ነው፣ ነገ ደግሞ ሌላ ሊመርጥ ይችላል። በቤታችን «ቻይው» የሚባሉት ሴቶች ግን ምን በእጃቸው ኖሮ ነው ወደ ሰገባው የሚመልሱት?

«ቻይው» ስል የምታውቁት ነገር ነው። «ባልሽ አይደል፣ ቻይው።» «ለልጆችሽ ስትይ ቻል አድርጊው።» የእኔ እናት ብላኛለች፤ እናቷም ለእሷ ብላታለች። በክፋት አልነበረም። መሄጃ በሌለበት ዘመን ለምትወዷት ልጅ የምትሰጡት ሌላ ምክር አልነበረም። እዚህ ተቀምጠን እናቶቻችንን መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አላደርገውም። ግን ዛሬ ስልክ ደውላ የምታለቅስ እህታችንን አድምጠን ስናበቃ «ቻይው» የሚለው ቃል ሳናስበው ከአፋችን ሲወጣ ሰምቻለሁ። ከእኔም አፍ ወጥቷል።

አንዳንዶቻችሁ «አማርኛችን መች አጣ፣ ‹አልታገስም› አለ አይደል?» ትሉኛላችሁ። አለ። ግን ማን ሲናገረው ነው የምትሰሙት? በቴሌቪዥን መግለጫ የሚያነብ ባለሥልጣን «አንታገስም» ይላል። አባት ልጁን «ይህንን አልታገስም» ይላል። አለቃ ይላል። ሴት ወይዘሮ በገዛ ቤቷ፣ ድምፅዋን ሳትጨምር፣ «ይህንን አልታገስም» ስትል ስንቴ ሰማችሁ? እኔ በሕይወቴ ሁለቴ ሰምቻለሁ፤ አንደኛዋን ጎረቤቶቿ ለብዙ ዓመት «ያቺ ባለጌ» እያሉ ሲያነሷት ኖሩ። ቃሉ አለን፤ አፋችን አልለመደውም።

ለማንኛውም፣ ለሐኪም ቤት የሚሆነውን ጠቅለል ሳላደርግ እንዳነሣሁት ልናገር። ሐኪም ፊት «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለታችሁን አትተዉ፣ ግን እዚያ ላይ አታቁሙ። ስንት ጊዜ እንደሆነው፣ እንቅልፍ እንደሚነሣችሁ፣ ምን ምን ሥራ እንዳስተዋችሁ ተናገሩ። አስተርጓሚ ደግሞ ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግና በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ክፍል 1557፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታልና ክሊኒክ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ያስገድዳሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ደግሞ በ2004 የወጣ የራሱ የቋንቋ ሕግ አለ፤ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ጽሑፎቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአሥር ዓመት ልጃችሁን አስተርጓሚ አድርጋችሁ አትውሰዱ። ሕጉም ከድንገተኛ አደጋ በቀር አይፈቅድም፣ ልጁም ስለ እናቱ ሆድ መስማት የሌለበትን ይሰማል። እናትም በልጇ ፊት እውነቱን አትናገርም፤ «እችለዋለሁ» ነው የምትለው።

የቅዳሜው ክፍል በደጋፊዎቻችን ርዳታ እንደቀጠለ ነው። መጽሐፍቱ ደርሰዋል፤ ወንበር ግን ያንሰናል፣ ይህንን ለሰብሳቢያችን ሳይሆን ለእናንተ ነው የምናገረው።

እኚያ የሐሞት ጠጠር የነበረባቸው እናት አሁን የክፍላችን ተማሪ ናቸው። ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት፤ እርሳሳቸውን ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረው ይመጣሉ። ባለፈው ክረምት የሚኖሩበት አፓርታማ ማሞቂያው ተበላሽቶ ዘጠኝ ቀን በብርድ ተቀመጡ። ልጃቸው «እማዬ፣ እኔ ልደውልላቸው» ብትላቸው እንቢ ብለው ራሳቸው ለአከራዩ ደወሉ። «ናይን ዴይስ ኮልድ። አይ ዊል ኖት ፑት አፕ» አሉና ስልኩን ዘጉት። በማግስቱ ጠጋኝ መጣ።

«ዊዝ»ን ረስተዋታል። ቅዳሜ እንደገና እንሠራታለን።